ጋሽ ካሊፐርና ባለኳሶቹ ዘንጎች

የዚያን ቀን ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ሳያባራ ዋለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጩኸቱ ሰው ከሰው አያግባባም ነበር። እኔ ከጣሪያው የሚያፈሰውን ውሃ በባልዲ እየተቀበልኩ ሳለ የወርክሾፑ በር ተከፈተና ወንድሜ ገባ። ከአናቱ እስከ ጫማው ርሷል። ኮቱን አልለበሰም። ኮቱን የጠቀለለው በትከሻው በተሸከመው ረጅም ካርቶን ላይ ነው።

“ጋሼ፣ ሰው እንዲህ ይሆናል? ሳንባህን ልትጨርሰው ነው?” አልኩት እየጮህኩ።

“የኔ ሳንባ አይዝግም፤ ይሄ ግን ይዝጋል” አለና ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስተኛው።

ካርቶኑ ውስጥ ሦስት የብረት ዘንጎች ነበሩ። ሁለት ወር ከአምስት ቀን ጠብቀናቸዋል። እነዚህ ዘንጎች ማሽኑ ላይ ገጥመው በትክክል ከሠሩ ወንድሜ በሙያው ይቀጥላል፤ ካልሠሩ በቃው። እኔም እሱም ይህን እናውቅ ነበር፤ አንነጋገርበትም እንጂ።

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ካሊፐር ነው የሚለው። ካሊፐር የብረት ውፍረት የሚለካበት፣ መንጋጋ ያለው መሣሪያ ነው። ስሙ የወጣለት አንድም መሣሪያው ከኪሱ ስለማይለይ፣ አንድም እሱ ራሱ ረጅምና ቀጭን፣ አገጩም ወደ ፊት ወጣ ያለ ስለሆነ ነው። እኔ ግን ጋሼ ነው የምለው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን ስትሞት እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሱ ቶርኖ ቤት ተቀጥሮ ብረት መቁረጥ ይማር ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሄዷል፤ የት እንደሄደ ዛሬም አላውቅም። ቤቱን የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ትምህርቴን ተውኩ። ማንም ተይ አላለኝም። አንድ ሰኞ ጠዋት ደብተሬን ሳላነሳ ቀረሁ፣ በዚያው ቀረ። ጋሼ ግን ነገሩን በሆዱ ይዞት ኖረ። ሚስት አግባ ሲሉት “መጀመሪያ እህቴ ትዳር” ይላል። እኔን የሚያገባ አልመጣም፤ እሱም አላገባ። እንዲሁ ስንተያይ አረጀን።

ማሽኑን ያገኘው ከተዘጋ ፋብሪካ ነው። ሚሊንግ ይሉታል። ብረቱ ጠረጴዛው ላይ ባለው ሞርሳ ይታሰርና ከላይ ያለው ከባድ ራስ እየወረደ በሚሽከረከር መቁረጫ ይበላዋል። ሲያመጡት ስድስት ወንዶች በውሃ ቧንቧ ቁራጭ ላይ እያንከባለሉ፣ የበሩን አንድ ጎን አፍርሰው ነው ያስገቡት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ከቦታው አልተነቃነቀም። የወፍጮ ጥርስ፣ የሊጥ ማቡኪያ ዘንግ፣ የውሃ ፓምፕ ክዳን፣ የተሰበረ ነገር ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። ጋሼ የተሰበረውን ያገላብጠዋል፣ ይለካዋል፣ እንደገና ይለካዋል። ደንበኛ ቢያቻኩለው አይሰማም። “ሂድና ተኝተህ ና፤ ስትነቃ ያልቅልሃል” ይላል።

ሁለት የማይጥሳቸው ሕጎች ነበሩት። አንደኛው፣ እጅ ከመቁረጫው ሥር ከመግባቱ በፊት ዋናው ማብሪያ ይዘጋል። ሁለተኛው፣ ሥራ ሲያበቃ የማሽኑ ራስ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ባለው የእንጨት ጉማጅ ላይ ያርፋል፤ ተንጠልጥሎ አያድርም። “ብረትም ቀኑን ሙሉ ሲሸከም ውሎ ይደክመዋል” ይል ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ብረት ሲቆርጥ ኖሮ አሥሩም ጣቶቹ ከእሱ ጋር ናቸው። በዚህ ሙያ አሥር ጣት ይዞ ያረጀ ሰው ብዙ የለም።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ሻዩን ሲያስቀምጥ ብርጭቆው ከሰሃኑ ጋር እየተጋጨ ተንጫጫ።

“በርዶኝ ነው” አለ።

ጠራራ ፀሐይ ነበር። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን። ስሙን አልያዝኩትም፤ የያዝኩት “እየዋለ እያደረ ይብሳል እንጂ አይተውም” ያለውን ነው። በእጅ የሚሠራ ሚሊንግ መዘውሩ የሚዞረው በጣት ጫፍ ነው። ትንሽ ካለፈ ብረቱ ተበላሸ። ጋሼ በአንድ ወር ሁለት ሥራ አበላሸ። ሦስተኛውን ሲያበላሽ እኔን ከማጀት ጠራኝ።

“እህት ዓለም፣ እጅሽን አውሺኝ” አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ዓይን እኔ እጅ ሆንን። ከኋላዬ ቆሞ “ትንሽ... ትንሽ... አሁንም ትንሽ... በቃ! በቃ አልኩሽ እኮ!” ይላል፤ እኔ አዞራለሁ። ሰው ሲመጣ ቶሎ ብዬ እልፍ እልና መጥረጊያ አነሳለሁ። እንዲታወቅበት አልፈለገም። አንድ ቀን ግን አንድ የወፍጮ ባለቤት ድምፁን ሳያሰማ ገብቶ ሲያየን ቆየና፣

“ጋሽ ካሊፐር፣ ሥራውን የሰጠሁት ላንተ መስሎኝ፤ ለቤት ሠራተኛህ ነው እንዴ?” አለ።

“እህቴ ናት።”

“ይባስ!” አለና ዕቃውን ከሞርሳው አስፈትቶ ይዞ ሄደ። ወሬውን ደግሞ እግረ መንገዱን አዳረሰው። በወሩ መጨረሻ ወርክሾፑ ውስጥ ከእኛ ሌላ ድምፅ የሚያሰማ አልነበረም።

መላውን ያመጣው ሽቦ ነው። ሽቦ የምንለው ከእኛ ሦስተኛ ቤት ኮምፒውተርና ኤሌክትሪክ የሚጠግነውን ሰው ነው፤ እሱም እንደ ስሙ ቀጭን ነው፣ አፉ ግን ወፍራም።

“ጋሽ ካሊፐር፣ እጅዎ ከደከመ ማሽኑ ራሱ ይዙር እንጂ ምን ቸገረን?” አለ። “በየመዘውሩ ቦታ ሞተር እናስራለን። ሞተሩን ኮምፒውተር ያዘዋል። እርስዎ ቁጥሩን መናገር ብቻ።”

“የሚጽፈውስ?” አለ ጋሼ፣ እጁን እያየ።

“እትዬ ናታ! ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች። ኮምፒውተሩም ከዚያ አያልፍም።”

ችግሩ የድሮው ዘንግ ነበር። ጠረጴዛውን የሚገፋው ዘንግ ጥርሱ ተበልቶ ላልቷል። መዘውሩን ወደ ኋላ ሲመልሱት ሩብ ዙር ያህል በባዶ ይዞርና ነው ጠረጴዛው የሚከተለው። ጋሼ ይህን ልልነት በእጁ ያውቀዋል፤ እያሰበለት ይሠራ ነበር። ኮምፒውተር ግን አዞርኩ ካለ አዞርኩ ነው፤ ስለ ልልነት የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ዘንግ አስፈለገ። በዘንጉ ላይ በሚሄደው ዳዶ ውስጥ ብይ የመሰሉ ትንንሽ የብረት ኳሶች እየተሽከረከሩ የሚሄዱበት፣ ልልነት የሌለው ዘንግ። ሽቦ ቦልስክሪው ይለዋል፤ እኛ ባለኳሱ እንለዋለን። ተሞርዶ በጥንቃቄ የሚሠራው ለእኛ የማይታሰብ ነው። ጥርሱ በመዳመጥ የሚወጣው ርካሹ ግን አቅማችን ይፈቅደው ነበር። ጋሼ ርካሽ ነገር አይወድም። ሽቦ በስልኩ ሲያሳየው “ይሄ ዘንግ ነው የፀጉር መጠቅለያ?” አለ። ቢሆንም አዘዝነው፤ ሁለት ወር ከአምስት ቀንም ጠበቅን፤ በዝናቡ ቀን መጣ።

በማግስቱ ሥራ ጀመርን። ዘንጎቹ ከሚፈለገው በላይ ረጅም ስለነበሩ መቆረጥ ነበረባቸው፤ ጫፋቸው ደግሞ በሚሽከረከሩበት ኩሽኔታ ልክ መቀጠን ነበረበት። ላዩ የጠነከረ ብረት ነው፤ ሁለት መቁረጫ በላብን። ጋሼ ትንሿ ቶርኖ ላይ እየነገረኝ እኔ ቀነስኩት። አንደኛው ኩሽኔታ ሳይገፋ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ ሲገባ ጋሼ “አልፈሻል፤ ቀጥኗል” አለኝ። ሌላ ጫፍ ጀመርን። ሁለተኛው በመዳፍ ሲመቱት ብቻ ገባ። “እንደሱ” አለ።

ጋሼ ዳዶውን ከዘንጉ እንዳታወጡ፣ ኳሶቹ ይፈስሳሉ ብሎ አስጠንቅቆን ነበር። ሽቦ ግን እጁ አያርፍም። ዳዶው በዘንጉ ላይ ሲንሸራተት ደስ ብሎት ወዲያ ወዲህ ሲያመላልሰው ሳለ ጫፉን አለፈ። ኳሶቹ ሲሚንቶው ላይ ተንጫጩ።

“ሽቦ! ምን አደረግክ?”

“እኔ ምንም። ራሱ ነው የወጣው” አለ፣ ዳዶውን በአንድ እጁ፣ ዘንጉን በሌላው እንደያዘ።

ሦስታችንም ተንበረከክን። ማግኔት አምጥቼ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከብረት ፍቅፋቂው መሐል ለቀምን። አብሮት የመጣው ወረቀት ሰባ ሁለት ይላል፤ እኛ ያገኘነው ሰባ አንድ ነው። ግማሽ ቀን ፈለግናት። መጨረሻ ላይ በሽቦ ሱሪ እጥፋት ውስጥ ተገኘች።

“ሌባ!” አለው ጋሼ።

“እሷ ናት የተከተለችኝ። ምን ላድርግ፣ ቆንጆ ነኝ።”

ኳሶቹን በግራሶ እያጣበቅኩ አንድ በአንድ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ጋሼ አንዷን ሊያነሳ ሞከረ። ከጣቱ አመለጠች። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ። ሽቦ ያላየ መስሎ ፊቱን አዙሮ ገመድ መላጥ ያዘ።

ጠረጴዛውን ወዲህና ወዲያ የሚያመላልሱት ሁለቱ ዘንጎች በሳምንት ውስጥ ገጠሙ። ጋሼ ሰዓት የመሰለውን መለኪያ አስጠግቶ እኔ በኮምፒውተሩ ጠረጴዛውን አስኬድኩት፣ መለስኩት። መርፌው ከሁለት መቶኛ ሚሊሜትር በላይ አልሳተም። ጋሼ አላመነም። አሥር ጊዜ ያህል አስደጋገመኝ። ከዚያ ባልዲውን ገልብጦ ተቀመጠበት።

“እህት ዓለም፣ እስከ ሰባ ዓመቴ እሠራለሁ” አለ።

እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለ ነገ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የቀረው የማሽኑን ራስ የሚያወጣና የሚያወርደው ሦስተኛው ዘንግ ነው። ራሱ ከሁለት ጆንያ ሲሚንቶ በላይ ይከብዳል። የድሮው ዘንግ ሻካራና ደረቅ ስለነበረ ራሱን የትም ላይ ብታቆመው ማንም ሳይይዘው እዚያው ይቆም ነበር። ባለኳሱ ግን ለስላሳ ነው፤ ከላይ የሚጫነው ነገር ካለ ዘንጉ ራሱ ይዞራል። ሽቦ “ሞተሩ ይይዘዋል” አለ። ጋሼ በአፍ አያምንም። ማሽኑ እንደበራ የማሽኑን ራስ ከፍ አስደረገኝና በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ሽቦም የእሱን ወገብ ይዞ ተንጠለጠለ። ራሱ ንቅንቅ አላለም።

“ይኸው፣ ሁለት የማይረባ ሰው ተሸክሟል” አለ ሽቦ፤ ሳቅን።

የሞከርነው ግን በርቶ ነው። ጠፍቶ መሞከር የማናችንም ሐሳብ ውስጥ አልመጣም። ለጋሼ የጠፋ ማሽን ማለት ምንም የማያደርግ ማሽን ማለት ነው። ማታ ማታ ደግሞ እንደ ልማዱ የማሽኑን ራስ እንጨቱ ላይ አሳርፎ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ራሱ ተንጠልጥሎ ሳለ ማሽኑ የጠፋበት አንድም ጊዜ አልነበረም። በእነዚያ ቀናት መብራት እንኳ አልሄደም። ቢሄድ ኖሮ ሰው በሌለበት ወርዶ ባስተማረን።

ዘጠኝ ቀን ሠራን። የወፍጮው ባለቤት ሰምቶ መጣ። ቆሞ ሲያይ ቆየ፤ ጠረጴዛው ብቻውን ሲሄድ፣ ብቻውን ሲመለስ።

“እህትህስ?” አለ።

“ኮምፒውተሩ ላይ ናት።”

“ካንተ ትሻላለች ለካ!”

“ድሮም” አለ ጋሼ። ሰውየው በበነጋው ሦስት የተሰበረ ጥርስ ይዞ ተመለሰ።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያውን ጥርስ እየሠራን ሳለ ረጅም ፍቅፋቂ መቁረጫው ላይ ተጠመጠመ። በኮምፒውተሩ አቆምኩት። መቁረጫው መሽከርከሩን ተወ፣ ራሱም ወደ ላይ ወጥቶ ቆመ። ጋሼ በሩ አጠገብ ነበር። ልነሳ ስል አየኝ።

“ዋናውን ዝጊ።”

“ቆሟል እኮ ጋሼ።”

“ቆሟል ብሎ ነገር የለም። ዝጊ፣ ከዚያ እጅሽን አስገቢ።”

ዘጋሁ። የማሽኑ ራስ ወዲያው አልወረደም። ሞተሩ ሲለቀው የመንሸራተቻው ጥብቀት ብቻ ነበር የያዘው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው። ግራ እጄን አስገብቼ ፍቅፋቂውን ሳብ ሳደርገው የማሽኑ ራስ ተላቆ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነበር፣ ከዚያ ፈጠነ። እጄ በመቁረጫውና በሞርሳው መሐል ነበር።

ጋሼ ሮጦ መጣና የማሽኑን ራስ የሚያነሳበትን መዘውር ፈለገ። ሃያ ሁለት ዓመት እጁ የለመደው ቦታ ላይ ፈለገው። መዘውሩን አውልቀን ሞተር ያሰርንበት እኛው ነን። የዘንጉን ጫፍ በእጁ ሊያዞር ሞከረ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ዘንጉ ግራሶ ነው፣ አሟለጨው። መጨረሻ ትከሻውን ከማሽኑ ራስ ሥር አስገብቶ አነሳልኝ። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ እዚያ ቀሩ።

ሐኪም ቤት አራት ቀን ተኛሁ። ጋሼ በአራቱም ቀን መጣ፣ ግን ከበሩ አላለፈም። ትከሻው በልዞ አንገቱን ማዞር አልቻለም ነበር።

“ግባ እንጂ፣ ጋሼ።”

“እዚህ ይሻለኛል።”

“ምን እዚያ ይሻላል? ሰው እኮ ይገፋሃል።”

“ይግፋኝ” አለ።

ሽቦ ብርቱካን ይዞ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንድ በአንድ እየላጠ አቀበለኝ። ከሄደ በኋላ ግን አልተቀመጠም። መብራት ሲጠፋ ጨምድዶ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሞተር አገኘና የድሮውን አውልቆ ተካው። በጀርባው ደግሞ የማሽኑን ራስ ክብደት የሚያቃልል ብረት በሰንሰለት አንጠለጠለ። ከሐኪም ቤት በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ጠራኝ። ራሱን ከፍ አድርገን፣ ከሥሩ እንጨት አስቀምጠን ዋናውን ዘጋን። ቆመ። ሽቦ ተንጠለጠለበት። ቆመ። ሃያ ጊዜ ያህል ሞከርነው። የሚቀረው ጋሼ ብቻ ነበር።

ቤት ስገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

“ተስተካክሏል ጋሼ። ጠፍቶ ሞክረነዋል።”

“እሰይ።”

“ታዲያ አትመጣም?”

“መጥቼ ምን ላደርግ?”

“ልትሠራ ነዋ! ቁጥሩን በቀኝ እጄ እጽፋለሁ። ለመጻፍ ምንም አልጎደለኝም።”

የታሸገውን እጄን እያየ አልነበረም፤ አንድም ቀን ደፍሮ አላየውም።

“ትምህርትሽን በእኔ ምክንያት ተውሽ” አለ። “አሁን ደግሞ ይሄ።”

“አንተ ምን አደረግክ? ትምህርቱን የተውኩት እኔው ነኝ።”

“ዝጊና አስገቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ።”

“ልክ ነው ብለህ ነዋ!”

“እኮ! ልክ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ልክ ነበር። አሁን ልክ የሆነውን አላውቅም። ልኩን የማያውቅ ሰው ማሽን ፊት ሰው አያቆምም፣ እህት ዓለም።”

ተቆጣሁ። ለመንኩት። ጎረቤት አስለመንኩት። የወፍጮው ባለቤት ሳይቀር መጥቶ “ጋሽ ካሊፐር፣ ኧረ ይሄን ግትርነት ተው፣ በቀለድኩት ይቅር በለኝ” አለው። ጋሼ አክብሮ ተነስቶ ወንበር አቀረበለት፤ ወደ ማሽኑ ግን አልተመለሰም። እኔም ሲሰለቸኝ ተውኩት። ሰው ራሱ ላይ የፈረደውን ሌላው እንዴት ያነሳለታል? እጁ ቢሆን ኖሮ ያገደው፣ ለእጁ መላ አግኝተንለት ነበር።

ማሽኑን ሽቦ ወሰደው። በደንብ ይሠራል፤ ርካሾቹ ዘንጎች እስካሁን አልላሉም። አንዳንድ ጊዜ አዲስ ሥራ ሲይዝ ይጠራኝና ቁጥር እጽፍለታለሁ። ጋሼ አንድም ቀን ምን ሠራችሁ ብሎ አልጠየቀኝም።

አሁን ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ከእኔ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ይኖራል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ከሰፈራችን በላይ ባለው የጨርቅ መጋዘን በር ላይ ተቀምጦ ለሚገባና ለሚወጣ መኪና በር ይከፍታል።